ስሙ በየትኛው «ሀ» ተጽፏል? የአጥቢያ መዝገብን ኮምፒዩተር በሚረዳው ሥርዓት ስለ መጻፍ

በቆላው የሰሊጥ አረም በሚታረምበት ወቅት አንዲት እናት ከደጋው ተነሥተው ልጃቸውን ፍለጋ ወደ መተማ ወረዱ። ልጁ ለቀን ሥራ ከወረደ ወራት አልፈው ነበር፤ ስልኩም አይሠራም። አብሮት የወረደ ባልንጀራው «ታምሞ ጸበል ገብቷል» ብሎ ስለ ነገራቸው ጸበሉ ወዳለበት አጥቢያ ሄዱ። የአጥቢያው ጸሐፊ የጸበልተኞቹን ስም ዝርዝር ለእርዳታ ሥራ ቀደም ብሎ ልኮልን ነበርና ደወለልን። እኛም ስሙን በኮምፒዩተር ላይ ጽፈን ፈለግን። ኮምፒዩተሩ «አልተገኘም» አለ፤ ያንኑ ቃል ለእናቲቱ አስተላለፍን። በማግሥቱ አንድ አረጋዊ ካህን የወረቀቱን መዝገብ ገጽ በገጽ ሲያገላብጡ ስሙን አገኙት። ካላ አዛር ተገኝቶበት ወደ ሆስፒታል መላኩም በኅዳጉ ተጽፎ ነበር። ለካ በእኛም ኮምፒዩተር ውስጥ ስሙ ነበረ። መዝጋቢው በሐመሩ «ሐ» ጽፎት ሳለ እኛ በሃሌታው «ሀ» ፈልገነው ኖሯል።

እናቲቱ ያን ሌሊት እንዴት እንዳደሩ መገመት አያዳግትም። ጥፋቱ የጸሐፊው አልነበረም፤ እርሱ ስሙን በትክክል ጽፏል። ዝርዝሩን ተቀብለን ወደ ኮምፒዩተር ስናስገባ የኮምፒዩተሩን ጠባይ ያላሰብን እኛ ነበርን። የተከበራችሁ አባቶች ካህናትና የሰበካ ጉባኤ አባላት፣ በዚህ እትም ስለ መረጃ አጻጻፍ ሥርዓት ለመጻፍ የተነሣነው በዚህ ምክንያት ነው። ከመተማ፣ ከቋራና ከአርማጭሆ አጥቢያዎች የሚመጡልን ዝርዝሮች እየበዙ ሄደዋል፤ እነዚህም ዝርዝሮች ከእኛ አልፈው ወደ ድረ ገጽና ወደ ሌሎች ተቋማት ኮምፒዩተሮች ይሻገራሉ። በመንገድ ላይ ምን እንደሚገጥማቸው ማወቅ ለሚጽፈውም ለሚቀበለውም ይጠቅማል።

ሰው የሚያነበውና ማሽን የሚያነበው

ሁላችን የምናውቀውን ታሪክ ለምሳሌ እንውሰድ። የድንበሯ ከተማ መተማ ዮሐንስ በስማቸው የምትጠራው ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ከመሐዲስቶች ጦር ጋር በመተማ ሲዋጉ ቆሰሉ፤ በማግሥቱም ዐረፉ። አንድ የአጥቢያ ጸሐፊ ይህን በዕረፍት መዝገብ ቢያሰፍረው እንዲህ ይል ይሆናል፦

«ዐፄ ዮሐንስ፣ የቀድሞ ስማቸው ካሣ ምርጫ፣ የፈረስ ስማቸው አባ በዝብዝ፣ በመጋቢት 2 ቀን 1881 ዓ.ም. በመተማ ዐረፉ።»

አማርኛ የሚያውቅ ሁሉ ይህን ያለ ችግር ይረዳዋል። ለኮምፒዩተር ግን ዓረፍተ ነገሩ የፊደላት ሰልፍ ነው። «ካሣ» የሰው ስም ይሁን ለተበደለ የሚከፈል ገንዘብ አያውቅም፤ «ምርጫ» የአባት ስም ይሁን ድምፅ የሚሰጥበት ሥነ ሥርዓት አይለይም፤ «ዮሐንስ» ሰው ይሁን ወንጌል ወይም ከተማ አያውቅም። «በመተማ ያረፉትን ሁሉ አውጣልኝ» ብንለው «መተማ» የሚለው ቃል ያለበትን ጽሑፍ ሁሉ ይዘረግፍልናል፤ ከመተማ ተነሥቶ ጎንደር የሄደውንም ጭምር።

ሥርዓት ያለው መረጃ የምንለው እያንዳንዱ ቃል ምን መሆኑ አብሮት የተጻፈበት መረጃ ነው። ሥርዓቱ ሦስት ነገሮችን ይወስናል፤ አንዱ ነገር የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ፣ ምን ተብሎ እንደሚጠራ፣ ከሌላው ጋር በምን እንደሚያያዝ።

ይህ ለቤተ ክርስቲያናችን እንግዳ አይደለም። የብራና መጽሐፍ የገለጠ ሁሉ የጌታችንና የእመቤታችን ስም፣ የቅዱሳን ስምና የምዕራፍ መነሻ በቀይ ቀለም ተጽፎ ያያል። ቀይ ቀለሙ በራሱ ቃል አይደለም፤ «ይህ ቃል እንዲህ ያለ ነው» የሚል ምልክት እንጂ። ከዚህም የሚደንቀው በአራቱ ወንጌላት መግቢያ ላይ የምናገኘው የአውሳብዮስ ቀመር ነው። በ4ኛው መቶ ዓመት የነበረው የቂሳርያው አውሳብዮስ አራቱን ወንጌላት በቍጥር ከፋፈላቸው፤ ማቴዎስን በ355፣ ማርቆስን በ233፣ ሉቃስን በ342፣ ዮሐንስን በ232 ክፍሎች። ከዚያም ዐሥር ሰንጠረዦች አዘጋጀ። የመጀመሪያው አራቱም የሚተባበሩበትን፣ ቀጣዮቹ ሦስቱ ወይም ሁለቱ የሚገናኙበትን፣ ዐሥረኛው አንዱ ብቻውን የተናገረውን ይይዛል። በንባቡ ኅዳግ የክፍሉ ቍጥር ይጻፋል፤ ከበታቹም የሰንጠረዡ ቍጥር በቀይ ቀለም። አንባቢው ቍጥሩን ይዞ ወደ ሰንጠረዡ ይሄዳል፤ ከሰንጠረዡም ወደ ሌላው ወንጌል ይሻገራል። ዕድሜያቸው በካርቦን ምርመራ ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዓመት ባለው ጊዜ የተገመተው፣ ዐድዋ አጠገብ ባለው ገዳም የሚገኙት የአባ ገሪማ ወንጌላት ይህን ቀመር በሥዕል አስጊጠው ይዘዋል። ዛሬ ባለሙያዎች ሁለት ዝርዝሮችን በመለያ ቍጥር የሚያያይዙበት ጥበብ በአሳቡ ያው ነው።

ሰንጠረዡ ሲጻፍ፦ ሲ.ኤስ.ቪ.

ከሁሉ ቀላሉ አጻጻፍ ሲ.ኤስ.ቪ. ይባላል። አንድ መስመር አንድ ሰው ነው፤ በነጠላ ሰረዝ የተለያዩት ቃላት ዓምዶች ናቸው። የመጀመሪያው መስመር የዓምዶቹን ስም ይይዛል።

ስም,የአባት ስም,የንግሥና ስም,ቦታ,ዓመት,ወር,ቀን
ካሣ,ምርጫ,ዮሐንስ,መተማ,1881,7,2

ይኸው ነው። ኤክሴልም ይከፍተዋል፤ እጅግ ቀላል ስለ ሆነ ደካማ ኔትወርክም ያሳልፈዋል። ይሁን እንጂ ከሁሉ ይልቅ ያስቸገረን ይኸው ነው፤ ሲሳሳት አይናገርምና።

አንደኛ፣ ኮምፒዩተሩ የሚያውቀው የላቲኑን ነጠላ ሰረዝ ነው። በእኛው ነጠላ ሰረዝ «፣» ተለያይቶ የተላከ ዝርዝር ዓምድ የለውም፤ መስመሩ ሁሉ እንደ አንድ ረጅም ስም ይቆጠራል። በተቃራኒው በቦታ ዓምድ ውስጥ የላቲኑን ሰረዝ ተጠቅሞ «መተማ, ምዕራብ ጎንደር» ብሎ የጻፈ ሰው ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ በአንድ ዓምድ ያንሸራትተዋል፤ ዓመቱ በወር ቦታ፣ ወሩም በቀን ቦታ ይገባል። መድኃኒቱ እንዲህ ያለውን ቃል በትምህርተ ጥቅስ መክበብ ነው።

ሁለተኛ፣ ስልክ ቍጥር ነው። 09 ብሎ የሚጀምረውን ኤክሴል እንደ ሒሳብ ቍጥር ስለሚያየው የፊቱን ዜሮ ይጥለዋል። ዓምዱ «ጽሑፍ» መሆኑን አስቀድሞ ማሳወቅ ይገባል። የግዕዝ ቍጥር ደግሞ ተቃራኒው ይገጥመዋል፤ «፲፭» ብለን ብንጽፍ ኮምፒዩተሩ እንደ ፊደል እንጂ እንደ ቍጥር ስለማያየው አይደምረውም። በመዝገቡ ላይ በግዕዝ ቍጥር መጻፉ ይቀጥል፤ ወደ ኮምፒዩተር ሲገባ ግን 15 ይባል።

ሦስተኛው ዕድሜ ጠገብ ችግር የፊደል ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በሦስተኛው እትም ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት የግዕዝ መጻፊያዎች እያንዳንዳቸው በላቲን ፊደላት ቦታ የየራሳቸውን ሥዕል ይለጥፉ ነበር። ስለዚህ በአሮጌ መጻፊያ የተጻፈ ደብዳቤ ያ መጻፊያ በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ይሆናል። በአንዳንድ አጥቢያዎች እስካሁን በዚህ ዓይነት የተቀመጡ የምእመናን ዝርዝሮች አሉ፤ መጻፊያው የተጫነበት ኮምፒዩተር ሳይበላሽ ወደ ዩኒኮድ ማዞር ያስፈልጋል። በዩኒኮድ የተጻፈውም ቢሆን ሲቀመጥ «ዩ.ቲ.ኤፍ. 8» የሚለው ካልተመረጠ ኤክሴል ሊያበላሸው ይችላል።

በመጨረሻም ሰንጠረዥ የማይችለው ነገር አለ፤ ቤተሰብ። ቅጹ «ልጅ 1፣ ልጅ 2፣ ልጅ 3» የሚሉ ዓምዶች ብቻ ቢኖሩት ሰባት ልጆች ያሏት እናት አራቱን የት ትጻፋቸው? ራሽን በቤተሰብ ብዛት በሚታደልበት ቦታ ይህ የወረቀት ጥያቄ ብቻ አይደለም።

ቀይ ቀለሙ ሲጻፍ፦ ኤክስ.ኤም.ኤል.

ኤክስ.ኤም.ኤል. የተባለው አጻጻፍ ከቀይ ቀለሙ ጋር ይመሳሰላል። እያንዳንዱ ቃል በመክፈቻና በመዝጊያ ምልክት ይታቀፋል፤ መዝጊያው ጭረት አለው። አንዱ በሌላው ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ የመጨረሻው የተከፈተው መጀመሪያ ይዘጋል።

<ዕረፍት>
  <ስም>ካሣ</ስም>
  <የአባት_ስም>ምርጫ</የአባት_ስም>
  <የንግሥና_ስም>ዮሐንስ</የንግሥና_ስም>
  <ቦታ>መተማ</ቦታ>
  <ቀን አቆጣጠር="ኢትዮጵያ">1881-07-02</ቀን>
</ዕረፍት>

በምልክቱ ስም ውስጥ ባዶ ቦታ ስለማይፈቀድ «የአባት_ስም» በታች ሰረዝ ተያይዟል። ሰባት ልጆች ያሏት እናት በዚህ አጻጻፍ አትቸገርም፤ በ<ቤተሰብ> ውስጥ <ልጅ> የሚለው ምልክት የፈለገውን ያህል ጊዜ ሊደጋገም ይችላልና።

ከላይ ያለው ምሳሌ በአማርኛ ምልክት መጻፉ ቀላል ነገር ይመስላል። ግን ለዓመታት የተከለከለ ነበር። ኤክስ.ኤም.ኤል. እ.ኤ.አ. በየካቲት 1998 ሲወጣ የምልክት ስም ሊሆኑ የሚችሉትን ፊደላት የወሰነው በጊዜው በነበረው በዩኒኮድ ሁለተኛ እትም ላይ ተመሥርቶ ነው፤ የእኛ ፊደል ደግሞ የገባው ከዚያ በኋላ በሦስተኛው እትም ነበር። ስለዚህ በምልክቶቹ መካከል አማርኛ መጻፍ ተፈቀደ፤ ምልክቱን ራሱን በአማርኛ መሰየም ግን አልተፈቀደም። እንግዳው ወደ ቤት ይግባ፤ በሩ ላይ ግን ስሙን አይጻፍ እንደ ማለት ነው። እንደ እኛ ዘግይተው ለገቡ ፊደላት ሲባል እ.ኤ.አ. በ2004 የ1.1 እትም ወጣ፤ ብዙዎቹ ፕሮግራሞች ግን አልተቀበሉትም። በ2008 የዋናው ደንብ አምስተኛ እትም ክልከላውን አነሣው። እንዲህም ሆኖ የቆዩ ፕሮግራሞች የአማርኛ ምልክት ሲያዩ «ስሕተት» ሊሉ ይችላሉ፤ በዚህ ምክንያት የፕሮግራም ባለሙያዎች ምልክቱን በላቲን፣ ይዘቱን በአማርኛ መጻፍ ያዘወትራሉ። በዚህ አንከራከራቸውም፤ የክልከላው ታሪክ ግን የፊደላችን ባለቤቶች ደንብ በሚወጣበት ቦታ ቀድሞ መገኘት እንደሚገባን ያሳያል።

ኤክስ.ኤም.ኤል. ለረጅም ጽሑፍ አሁንም ተወዳዳሪ የለውም። በጀርመን የሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ሂዮብ ሉዶልፍ የኢትዮጵያ ጥናት ማዕከል እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ «ቤተ መጻሕፍት» በተባለው ፕሮጀክቱ የኢትዮጵያና የኤርትራ የብራና መጻሕፍትን መግለጫ የሚያዘጋጀው በዚሁ ነው። የመጽሐፉ ይዘት፣ ጸሐፊው፣ ያስጻፈው፣ የነበረበት ቦታ በየምልክቱ ስለሚታቀፍ «ይህ ሰው ያስጻፋቸውን ሁሉ አሳየኝ» ማለት ይቻላል።

ጄሰን

ዛሬ ድረ ገጾችና የስልክ መተግበሪያዎች እርስ በርስ የሚነጋገሩት በአብዛኛው ጄሰን በተባለው አጻጻፍ ነው። አሜሪካዊው የፕሮግራም ባለሙያ ዳግላስ ክሮክፎርድ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ አስተዋወቀው። መዝጊያ ምልክት ስለማይደግም ከኤክስ.ኤም.ኤል. ያነሰ ቦታ ይይዛል። በዩ.ቲ.ኤፍ. 8 አንድ የእኛ ፊደል የሦስት ላቲን ፊደላት ያህል ቦታ ስለሚወስድ ይህ ለቆላው ኔትወርክ ትንሽ ነገር አይደለም።

{
  "ስም": "ካሣ",
  "የአባት ስም": "ምርጫ",
  "ሌሎች ስሞች": ["ዮሐንስ", "አባ በዝብዝ"],
  "ቦታ": "መተማ",
  "ቀን": {
    "አቆጣጠር": "ኢትዮጵያ",
    "ዓመት": 1881, "ወር": 7, "ቀን": 2
  }
}

ጥምዝ ቅንፍ አንድን ነገር ያቅፋል፤ ቀጥ ያለው ቅንፍ ዝርዝርን ይይዛል። በሁለት ነጥብ ግራ የነገሩ መጠሪያ፣ በቀኙ ይዘቱ አለ። ቃል በትምህርተ ጥቅስ ይከበባል፤ የሚደመር ቍጥር አይከበብም። እዚህ ላይ ዓይን የሚያታልል ነገር አለ፤ የእኛ ሁለት ነጥብ «፡» እና የላቲኑ «:» ተመሳሳይ ቢመስሉም ለኮምፒዩተሩ ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። ጄሰን የላቲኑን ብቻ ይቀበላል፤ ትምህርተ ጥቅሱም ቀጥ ያለው እንጂ እኛ በመጽሐፍ የምንጠቀምበት ባለ ማዕዘኑ አይሆንም።

አንድ ቅንፍ ቢጎድል ፋይሉ ሁሉ ውድቅ ይደረጋል። ብዙ ሰዎች በዚህ ይማረራሉ፤ እኛ ግን እንወድደዋለን። ሲ.ኤስ.ቪ. ስሕተቱን ዋጥ አድርጎ ያልፋል፤ ጄሰን ይጮኻል። የሰው ስም ባለበት መዝገብ የሚጮኸው ይሻላል።

የአጥቢያ ጸሐፊዎች ይህን በእጅ እንዲጽፉ አንጠብቅም። በእርዳታ ሥራ የተለመደው ኮቦ የተባለው የስልክ ቅጽ ኔትወርክ በሌለበት ይሞላል፤ ስልኩ ውስጥ በኤክስ.ኤም.ኤል. ያስቀምጠዋል፤ ኔትወርክ ሲገኝ ይልከዋል፤ ለእኛም በሰንጠረዥ ወይም በጄሰን ይሰጠናል። ጸሐፊው የሚያየው ጥያቄውን ብቻ ነው። ጥያቄው በደንብ ካልተዘጋጀ ግን ከበስተጀርባው ያለው ጥበብ ሁሉ አያድነውም።

ቀን

በድረ ገጽ ላይ ያሉት የቀን ሳጥኖች በአብዛኛው የተሠሩት ለፈረንጁ አቆጣጠር ነው። አንድ ጸሐፊ የጥቅምት 30ን ልደት «30/2» ብሎ ሲያስገባ ሳጥኑ የካቲታቸው 30 ቀን ስለሌለው አይቀበልም። የጳጉሜን ልጅ ደግሞ 13ኛ ወር የለም ተብሎ ይመለሳል። እነዚህ ደኅና ናቸው፤ ቢያንስ እናውቃቸዋለን። የሚያስፈራው ሳጥኑ ዝም ብሎ የሚቀበለው ነው። በኅዳር 2 ቀን 2016 ዓ.ም. የተወለደ ሕፃን «2/3/2016» ተብሎ ቢገባ ኮምፒዩተሩ እ.ኤ.አ. መጋቢት (ማርች) 2 ቀን 2016 ብሎ ይይዘዋል። እውነተኛው ቀን በፈረንጁ ኖቬምበር 12 ቀን 2023 ነው። ሕፃኑ በወረቀት ላይ ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ያህል አረጀ፤ ከአምስት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ከሚሰጠው አልሚ ምግብም ስሙ ተሰረዘ ማለት ነው።

ስለዚህ በምሳሌዎቻችን ላይ «አቆጣጠር» የሚለውን ቃል ደጋግመን አስገብተናል። የኢትዮጵያውን ቀን እንደ ተነገረ ጻፉ፤ አቆጣጠሩንም ጻፉ፤ ወደ ፈረንጁ መለወጡን ለማሽኑ ተዉለት። «ሰባት ቀንሶ፣ ስምንት ጨምሮ» በጭንቅላት መለወጥ አያስተማምንም። የዐፄ ዮሐንስን ታሪክ እንኳ ብንወስድ መጋቢት 1 ቀን 1881 በፈረንጁ ማርች 9 ቀን 1889 ነበር፤ ዛሬ ግን መጋቢት 1 ማርች 10 ላይ ይውላል፤ እነርሱ 1900ን ሠግር ዓመት ስላላደረጉት አንድ ቀን ተገፍቷል። ባሕረ ሐሳብ የተማራችሁ አባቶች ይህን ከማናችንም ይልቅ ታውቁታላችሁ። ሰዓትም እንዲሁ ነው፤ ከቀኑ 8 ሰዓት በማሽኑ 14 ነው።

የማይታወቅ ቀንስ? በቆላው ብዙ ሰው ልደቱን የሚያውቀው «በ77ቱ ድርቅ» በሚል ዓይነት ነው። ቅጹ ባዶ አልቀበልም ሲል መዝጋቢዎች ጃንዩዋሪ 1 ይሞላሉ፤ ከሀገራችን የወጡ ብዙ ሰዎች በመታወቂያቸው ላይ ሁሉም በአንድ ቀን የተወለዱ የሚመስሉት በዚህ ነው። ባዶ ከሐሰት ይሻላል። ዓመቱ ብቻ ከታወቀ ዓመቱ ብቻ ይጻፍ፤ «በግምት» የሚል ምልክትም ይታከልበት። የጥምቀት መዝገብ እዚህ ላይ ትልቅ ርዳታ አለው፤ ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን እንደ ሥርዓቱ ከተጠመቁ የጥምቀቱ ቀን የልደቱን ቀን ይጠቁማል። ደግሞም «የለም»፣ «አይታወቅም» እና «አልተጠየቀም» ሦስት የተለያዩ መልሶች ናቸው። ዜሮ ከሦስቱ አንዱንም አይተካም።

ስም

በመጀመሪያው ቅጻችን «የቤተሰብ ስም» የሚል ሳጥን ነበር፤ ከውጭ የተቀዳ ነው። አንዱ የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን፣ ሦስተኛው የባለቤቱን ስም ሞላበት። ባልና ሚስት የተለያየ «የቤተሰብ ስም» ስላላቸው ፕሮግራሙ እንደ ሁለት ቤተሰብ ቆጠራቸው። አሁን ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ተብሎ ተለይቷል፤ የክርስትና ስም ለብቻው ሆኗል። ቤተሰብን የሚያያይዘው ስም ሳይሆን የመዝገብ ቍጥር ነው፤ አውሳብዮስ እንዳደረገው።

አሁን ወደ መነሻችን እንመለስ። ሃሌታው «ሀ»፣ ሐመሩ «ሐ»ና ብዙኃኑ «ኀ»፣ ንጉሡ «ሠ»ና እሳቱ «ሰ»፣ አልፋው «አ»ና ዐይኑ «ዐ»፣ ጸሎቱ «ጸ»ና ፀሐዩ «ፀ» በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ሆኗል፤ በዩኒኮድ ግን እያንዳንዳቸው የራሳቸው ቍጥር አላቸው። «ካሣ» ተብሎ የተመዘገበው ንጉሥ «ካሳ» ተብሎ ቢፈለግ አይገኝም፤ «ዮሀንስ» ተብሎም «ዮሐንስ» አይገኝም። አንዳንድ ባለሙያዎች «ፊደላቱን አንድ አድርጋችሁ ተገላገሉ» ይሉናል። በዚህ አንስማማም። «ሠረቀ» ወጣ፣ «ሰረቀ» ግን ሌላ ነው፤ «ሠዐለ» እና «ሰአለ» የሚለያዩት በፊደላቸው ነው። እኛ የመረጥነው መንገድ ስሙን መዝጋቢው እንደ ጻፈው ሳይነኩ ማስቀመጥ፣ ከበስተጀርባው ግን ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል፣ ሞክሼዎቹ ሁሉ ወደ አንድ የተመለሱበት ሁለተኛ ቅጂ መያዝ ነው። ፈላጊው በየትኛውም ቢጽፍ ስሙ ይገኛል፤ ሲታይ ግን በመጀመሪያው ፊደል ይታያል። ያቺ እናት የመጡት ይህ ከመደረጉ በፊት ነበር።

ከሱዳን የሚመጡ ወገኖች ስም ሌላ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ጦርነቱ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በቀዳም ሥዑር ሲጀመር በመተማ በር የገቡት ብዙዎች ስማቸው በዐረብኛ የተጻፈ ነበር፤ አንዱ ስም በአማርኛ ሙሐመድ፣ መሐመድ፣ ሞሐመድ ሆኖ ተመዘገበ። ሰነድ ካላቸው በዐረብኛው እንዳለ ቢቀመጥ ይመረጣል፤ ዩኒኮድ ሁለቱንም ፊደል በአንድ ፋይል ይይዛል።

መረጃን ስለ መጠበቅ

ሥርዓት ያለው መረጃ በቀላሉ ይፈለጋል፤ በዚያው ልክ በቀላሉ ይገለበጣል። ወፍራሙ የወረቀት መዝገብ ከዕቃ ቤት አይወጣም፤ ፋይሉ ግን በአንድ መልእክት ድንበር ይሻገራል። የሰው ስም፣ መኖሪያና ስልክ የያዘ ዝርዝር ባልተገባ እጅ ቢወድቅ በእኛ አካባቢ ምን ሊያስከትል እንደሚችል ለአንባቢ መዘርዘር አያሻም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321/2016ም መረጃውን የሚሰበስበውን ተቋም ተጠያቂ ያደርጋል። ስለዚህ የበሽታ ዓይነት በስም ዝርዝር ውስጥ አይግባ፤ ለሕክምና የሚላክ ሰው በመለያ ቍጥሩ ይላክ፤ የጸበልተኞች ዝርዝር በጋራ የቴሌግራም ገጽ አይላክ። በንስሐ የተሰማው በምንም ዓይነት ቅጽ አይሰፍርም፤ ይህን ለካህናት አባቶቻችን ማስታወስ አያስፈልገንም፤ ቅጽ ለሚያዘጋጁ ወጣቶች ግን እንነግራቸዋለን።

ለሚቀጥለው ሩብ ዓመት የተዘጋጀው ቅጽ ሦስት የስም ሳጥኖች፣ የክርስትና ስም፣ አቆጣጠሩ የተገለጸ ቀንና «በግምት» የሚል ምልክት አለው። ስልክ ያላቸው አጥቢያዎች በኮቦ ይሞሉታል፤ የሌላቸው በወረቀት ሞልተው ለወረዳ ቤተ ክህነታቸው ያስረክባሉ። በአጭር መልእክት የምትልኩ ከሆነ በአማርኛ አንድ መልእክት የሚይዘው 70 ፊደል ብቻ ነውና ለአንድ ሰው አንድ መልእክት አድርጉ፤ የመዝገብ ቍጥሩንም አስቀድሙ። የወረቀቱን መዝገብ ግን ወደ ኮምፒዩተር ከገባም በኋላ አታስወግዱት።